ሁለቱ ጊታሮችና የእህቴ ጆሮ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ደህና የኤሌክትሪክ ጊታር የነበረን ሰዎች ሁለት ነበርን፤ እኔና አንድ ጓደኛዬ። ከተማው ግን አንዳችንንም «ና» ብሎ አልጠራንም። ሠርግ ሲደግስ ኪቦርድ ይበቃው ነበር። ኪቦርድ ከበሮ ይመታል፣ ማሲንቆ ይሆናል፣ በዚያ ላይ ምሳ አይበላም። እኛ በበኩላችን የከተማውን ዝምታ ከቁም ነገር ሳንቆጥር «የማን ጊታር ይበልጣል?» የሚለውን ነገር የአገር ጉዳይ አድርገን ያዝነው። አስፋልቱ ዳር ያለች ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንጨቃጨቅ ነው ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው።

የኔን ያመጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ልጅነቷን ሳትጨርስ ዐረብ አገር ሄዳ፣ የሰው ቤት እያጠበች እኛን አሳድጋለች። የምትሠራበት ቤት ልጅ ሙዚቀኛ ካልሆንኩ ብሎ ከአሜሪካ ጊታር ያስመጣል፤ ጥቂት ቀን ነካክቶት ጣቱን ሲያመው ይተወዋል። እመቤቲቱ ዕቃ ቤት ስታስጸዳ «ውሰጂና ጣይው» ትላታለች። እህቴ የወሎ ልጅ አይደለች? ደህና ዕቃ መጣል ሐራም ነው የሚመስላት። በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስተኛችው፤ ወደ አገሯ ስትመለስም እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ገባች።

ጊታሩን አመጣችው፤ መስሚያዋን ግን እዚያው ትታው መጣች። ጆሮዋ መግል ይዞ ሲፈስ «ያልፋል፣ ያልፋል» እየተባለች የራስ ምታት ኪኒን ስትውጥ ኖራ የሁለቱም ጆሮዎቿ ታምቡር ተቀደደ። ደሴ ያያት ሐኪም «የውስጡ ደህና ነው፤ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ብትደረግ ትሰማለች» ብሎ ተራ አስያዘልን። ደግ ሰው ነበር፤ ጠጋ ብሎ እየጮኸ «ከሁሉ በፊት ምን መስማት ነው የምትፈልጊው?» ቢላት «እማዬን» አለችው።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። እህቴ ጆሮዋ ሥር ገብተው ከጮኹላት ጥቂት ጥቂት ትይዛለች። እኔ እጮኻለሁ፣ ጎረቤቱ ይጮኻል፤ ጓደኛዬማ ማኅሌት ላይ ያደገ ጉሮሮ ስላለው ከእሱ ጋር እንደ ልቧ ትጫወታለች። እናታችን ግን በዕድሜዋ ጮኻ አታውቅም። ዶሮ እንኳ ከጓሮ የምታባርረው በለሆሳስ ነው። ለልጇ ልትጮህ ትሞክርና ድምጿ መሃል ላይ ይሰበራል፤ ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ትቀመጣለች። ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ሲያወሩ ኖረው፣ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማውራት አቃታቸው። አስተግፊሩላህ፣ እኔ በዚህ ነገር እንኳን ያኔ ዛሬም እናደዳለሁ።

ወደ ጊታሩ ልመለስ። የኔው ከባድ ነው። እንጨቱ ወፍራም፣ አንገቱ ከገላው ጋር በሙጫ ተያይዞ አንድ አካል የሆነ፣ ቀለሙ የማር። ድምፁ ደንዳና ነው፤ አንድ ክር ነክተህ ብትተወው ሻይ አዝዘህ ሻይህ እስኪመጣ ይጮኻል። የጓደኛዬ ደግሞ ነጭ ነው፤ አጎቱ ከጀርመን ያመጣለት። ክብደት የለውም፣ አንገቱ በብሎን ነው የታሰረው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ጣት እንደ ልብ ይሮጥበታል። እኔ «ይኼ በብሎን የሚገጣጠም ነገር ጊታር ነው ወይስ የብረት አልጋ?» እለዋለሁ። እሱ «ያንተን ተሸክሞ ሠርግ ከመዋል ወፍጮ ቤት እህል ማመላለስ ይሻላል» ይለኛል። እኔ «ያንተ ድምፅ አጥንት የለውም» እላለሁ፤ እሱ «ያንተ ደግሞ አጥንት ብቻ ነው» ይላል። ለጁስ ቤቷ ባለቤት ግን ሁለታችንም ሥራ ፈት ነበርን።

ጠባችን የጠነከረው አምባሰል ላይ ነው። ሌላ ቅኝት ላይ እንተላለፍ ነበር። አምባሰል ግን የኛ ናት፤ ስማችን ነው ያለባት፤ ተራራዋ ከበር ስንወጣ ይታየናል። አምባሰልን የሚያውቅ ያውቃል፣ ጠጋ ጠጋ ያሉ ድምፆች አሏት፤ ክሩን በጣትህ ገፋ አድርገህ ካላስለቀስከው ውሸት ይሆናል። ጓደኛዬ የሱ ክር ሲገፉት እሺ እንደሚል ይናገራል። እኔ የኔው ከተገፋ በኋላ ለቅሶውን ቶሎ እንደማያቆም አስረዳዋለሁ። እሱ የኔ ድምፅ «ጨለማ ነው» ይላል። እኔ የሱ ድምፅ «ዐይን ያጥበረብራል» እላለሁ።

አቃኘታችንም ለየቅል ነበር። ጓደኛዬ ልጅ ሆኖ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ዜማ ሲማር አድጓል፤ ጊታሩን የሚቃኘው የኔታው አራራይ ከሚያነሱበት ድምፅ ላይ ተነሥቶ ነው። እኔ የምቃኘው አጎቴ መንዙማ ሲጀምር ከሚጀምርበት ነው። ስልክ ላይ መቃኛ አለ ይባላል፤ «የፈረንጅ መሣሪያ ስለ አምባሰል ምን አውቆ!» ብለን ሁለታችንም ናቅነው። በዚች አንድ ነገር ብቻ ተስማምተን ኖርን።

በዚህ መሃል ለውጥ መጣ። ለውጡ እኛን የነካን በመድረክ በኩል ነው። በየጊዜው እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ መቀበያ አለ፣ መቀበያው ደግሞ ሙዚቃ ይፈልጋል። ከተማው ሁለት ጊታር እንዳለው ድንገት ታወሰው። ቲሸርት ተሰጠን፤ ቲሸርቱ ላይ ስለ ፍቅር ተጽፏል። ለአንዱ እንግዳ በየተራ የተጫወትነውን ለሚቀጥለው ደገምነው፤ እንግዶቹም የሚናገሩት ያንኑ ስለነበር ማንም አልተቀየመም። አልዋሽም፣ ዘመኑ ደስ ይል ነበር፤ እኔም ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ቲሸርቱን የወለል መወልወያ አደረገችው። ጥሩ ጥጥ ነበር።

በነዚያ መድረኮች ስማችን ወጣና ከውጫሌ ከፍ ብሎ አምባሰል ውስጥ ለሠርግ ተጠራን። ጄኔሬተር ሁሉ ተከራይተውልናል። ጓደኛዬ «አምባሰልን አምባሰል ላይ! ወላሂ ዛሬ ይለይልናል» አለ፤ የቄስ ልጅ ነው፣ ሲምል ግን በኛ ነው የሚምለው። እኔም «እመቤቴን፣ ይለይልናል!» አልኩት። ከዚያ የሙሽራዋን አባት ዳኛ ይሁኑን ብለን ለመንናቸው። እዚህ ላይ ነው ሞኝነታችን። የወሎ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ መቼ ፈርዶ ያውቃል!

በየተራ ተጫወትንላቸው። አዛውንቱ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ «ማሽአላህ! የዚህም ግሩም፣ የዚያም ግሩም። እናንተ ልጆች በምን ተጣላችሁ? በሉ ተነሡና ይቅር ተባባሉ» አሉን። «አባባ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም፤ የትኛው ይበልጣል ነው ያልነው» ብንላቸው፣ «አብሽሩ፣ ሁሉም ያልፋል» ብለው ፋቲሐ አስደረጉልን። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ፤ እኔና ጓደኛዬ ተሳሳምን። ስንጨርስ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉና «አሁን ያንን ሞተር አጥፉልኝ፤ ማሲንቆው ይሰማ» አሉኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር የሚሰማው። ቀጥሎ ከሰሜን በኩል ፍራሽ የተሸከመ ሰው አስፋልቱን ይዞ ይወርድ ጀመር። የእህቴ የሐኪም ቤት ተራ በደረሰበት ሰሞን የአዲስ አበባ መንገድ ተዘጋ። እናቴ የጉዞ ሻንጣዋን አሰናድታላት ነበር፤ ሻንጣው በር ሥር እንደ ቆመ ቀረ። መድፍ ሲተኮስ ደግሞ ከሁላችን በፊት የምታውቀው እህቴ ነበረች። ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ትቀመጥና «መጣ» ትለናለች፤ እኛ ጆሮ ያለን ሰዎች ከእሷ በኋላ ነው የምንደነግጠው።

ታጣቂ ሊገባ ነው ሲባል ሰው ዕቃውን ይደብቅ ጀመር። የኔን ጊታር በዚያው በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ጓደኛዬ የሱን ይዞ በእግሩ ወደ እስጢፋኖስ ሄደ። እሱ እንደ ነገረኝ፣ በር ላይ አንድ ሽማግሌ አባት አገኙት።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ጊታር ነው አባቴ፤ አደራ ይጠብቁልኝ።»

«ይጮኻል?»

«መብራት ሲኖር ነው የሚጮኸው።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ዝም ይላል።»

«እንግዲያው ከአንዳንዶቻችን የተሻለ መነኩሴ ነው፤ ይግባ» አሉት።

ታጣቂዎቹ ገቡ፣ የሚሆነውም ሆነ። የሞተ ሞተ፣ የተዘረፈ ተዘረፈ። የዚያን ጊዜውን ነገር እኔ ላወራው አልፈልግም፤ አላወራውምም። ሲወጡ ከተማው ባዶውን ቀርቶ ነበር። መጋዘኑ ተሰብሯል፣ ጤና ጣቢያው አልጋ እንኳ አልቀረውም፣ የመብራት ሽቦው መንገድ ላይ ተጋድሟል። በዚህ ሁሉ መሃል እኔና ጓደኛዬ ጊታሮቻችንን ከተደበቁበት አወጣንና፣ ይመኑ አይመኑ፣ ስለ አሠራር ጥራት ክርክር ጀመርን። የሱ ብሎኖች በሐይቁ እርጥበት ዝገዋል፤ አንገቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። የኔው ቀለሙ ጭረት በጭረት ሆኗል፣ ከጭዱም ሙቀት ይሁን ከምን አንገቱ ትንሽ ጎብጧል። እሱ «በብሎን የታሰረ ቢጎብጥ ይፈታል፤ ያንተን ምን ልትፈታው ነው?» ይላል። እኔ «የኔን እኮ ጭድ ውስጥ አይጥ እንኳ አልደፈረውም!» እላለሁ። እናቴ አልፋን ስትሄድ አየችንና «ጤና ይስጣችሁ» አለች።

መብራት ለብዙ ጊዜ አልመጣም። መንገዱ ቢከፈትም አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ቤት በቁስለኛ ተሞልቷል፤ የእህቴን ተራ ማን ያስታውሰው? ስልክ ሲሠራ እንደውላለን፣ «ጠብቁ» ይሉናል። እህቴ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አትነግረንም፤ ግን ከማንም ጋር መጫወት ትታ ልብስ ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን ትፈታለች፣ ደግማ ታጥፋለች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ታያታለች። እኔ እነሱን ማየት ስለሚያቅተኝ ጊታሬን ይዤ በረንዳ ላይ እወጣለሁ።

መብራት በሌለበት የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መቀመጥ ያስቃል፤ ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም። ጓደኛዬ ግን ለዚህም ንድፈ ሐሳብ አላጣም። አንድ ረፋድ ጊታሩን ይዞ መጣና «ሐቂቃውን ልንገርህ? እውነተኛ ጊታር የሚለየው መብራት ሳይነካው ነው። እስከ ዛሬ ስንመዝን የነበረው ስፒከሩን ነው» አለኝ። የሚለው ቸግሮት እንደሆነ ባውቅም ነገሩ እውነት አለበት። ግን እንዴት እንስማው? ዙሪያውን አየና ወደ ቤት ገብቶ ከቁም ሳጥኑ ጎን ቆመ። የጊታሩን ራስ፣ ክሮቹ የሚጠመዘዙበትን ጫፍ፣ ሳጥኑ ላይ ጫን አድርጎ አምባሰልን ጀመረ። ሳጥኑ አሮጌ ጽድ ነው፤ ድምፁን ተቀብሎ ቤቱን ሞላው። «አየህ!» አለ። እኔ «ሳጥኑ ነው ጥሩ» አልኩት።

እህቴ በዚያው ሳጥን ፊት ለፊት ተንበርክካ ልብስ ስትደረድር ነበር። ደክሟት ይሁን ሆድ ብሷት ግንባሯን ሳጥኑ በር ላይ አስደግፋለች። ከዚያ ቀና አለችና አየችን።

«ማነው የሚጫወተው?» አለች።

ጓደኛዬ እጁ ክሩ ላይ ቀረ። የማኅሌት ጉሮሮውን ከፍቶ «ሰማሽን?!» ብሎ ጮኸባት።

«አትጩህብኝ! አንተን አይደለም የሰማሁት፤ እሱን ነው» አለች ጊታሩን እያመለከተች። ግንባሯን ሳጥኑ ላይ መለሰችውና «ተጫወት» አለችው። ተጫወተ። ልብሱን ለቀቀችው። እኔ «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ጓሮ ሮጥኩ።

ስንመለስ እህቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አገጯን በነጩ ጊታር ገላ ላይ አሳርፋ ነበር። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ከፊቷ ይጫወታል። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ትስቃለች። ሐኪሙ «የውስጡ ደህና ነው» ያለው ነገር ለካ ይኼ ነበር፤ ድምፁ በጆሮ በር መግባት ቢያቅተው በአጥንቷ በኩል ዞሮ ገብቷል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ የኔን አመጣሁና አቀበልኳት፤ አገጯን አሳረፈች፣ ተጫወትኩላት። ከዚያ ደግሞ ወደ ነጩ፣ ደግሞ ወደ ማር ቀለሙ። እኛ ምን ቀልብ አለን? በዚያች ሰዓት እንኳ ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ «የማን ይበልጣል?» ብሎ ጮኸላት።

እህቴ ግንባሯን ቋጠረች። «ይኼኛው ከዚያኛው ከፍ ብሏል እኮ። አንድ ላይ አልቃኛችኋቸውም?»

ሁለታችንም ራሳችንን ግራና ቀኝ ነቀነቅን።

«ለየብቻ ቃኝታችሁ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን ስትነታረኩ የኖራችሁት?»

ጓደኛዬ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት። የሱ የኔታና የኔ አጎት አንድ ቀን እንኳ አንድ ላይ ዜማ አንሥተው አያውቁም፤ የሁለቱን ሽማግሌዎች ጉሮሮ ልዩነት የእንጨትና የብሎን ልዩነት አድርገን ነው ስንሟገት የከረምነው። «ጨለማ» ያለኝም «ያጥበረብራል» ያልኩትም ለካ ይኼው ነው። ጓደኛዬ «ወይ ጉድ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቅ ያዘኝ፤ እሱም ሳቀ፤ እናቴ ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ ከኛ ጋር ሳቀች።

እህቴ ግን አልሳቀችም። ነጩን ጊታር ትኩር ብላ ታየዋለች። ከገላው ተነሥታ በአንገቱ በኩል እስከ ራሱ ድረስ በእጇ ዳሰሰችው፤ ሁለቱንም እንዲያ አደረገችና የኔን ያዘች። «ይኼ መሃሉ ላይ አልተቆራረጠም» አለች። ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ፍርድ ነው፤ ጓደኛዬም አልተከራከረ፣ እኔም አልፎከርኩ። ጊታሩን መደቡ ላይ በርዝመቱ አጋደመችው። ከዚያ እናታችንን በእጇ ጠራቻት።

«እማዬ ነይ፤ እዚህ ራሱ ላይ አገጭሽን አድርጊና አውሪኝ።»

«ኧረ በአላህ! በዚህ ዕድሜዬ ጊታር ልሳም?» አለች እናቴ፣ እኛን በክፉ ዐይን እያየች፤ እኛ ያስተማርናት መስሏት ነው። እህቴ አልሰማቻትም፤ እጇን እንደ ዘረጋች ጠበቀቻት። እናቴ በቀስታ ተንበረከከች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ አገጯን ከመቃኛ ቁልፎቹ መሃል አሳረፈች። እህቴ በሌላው ጫፍ እንዲሁ አደረገችና ዐይኗን ጨፈነች። ክሮቹ እንዳይጮኹ ጓደኛዬ በመዳፉ አፈናቸው። 

እናቴ ወደ እኔ አየች፤ «በያ» አልኳት በዐይኔ። ከዚያ በዚያችው ዶሮ በምታባርርባት ድምፅ፣

«ምሳ በላሽ?» አለቻት።

እህቴ ዐይኗን አልገለጠችም።  

«እማዬ» አለች፣ «ድምፅሽ አረጀ እኮ።»

እናቴ አገጯን ከእንጨቱ ላይ አላነሣችም።

«ቆየሽብኛ፣ ልጄ» አለቻት።